የቮልስን ቫልቭ በራስ እጅ ማስተካከል፦ ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ያለውን ፍሩ

ከባሕር ዳር ስመለስ ነው የገባኝ። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ቮልሴን ሰርቪስ አስገብቼ ነበር። ሞተሯ ጠክ ጠክ ትል ነበርና ያንን ነገርኳቸው። መካኒኩ ቫልቩን (ወደ ሲሊንደር አየርና ነዳጅ የሚያስገባውንና ጭሱን የሚያስወጣውን በር) ነካክቶ "ድምፁን አጠፋሁልህ" አለኝ። እውነትም ጠፋ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ደጀንን አልፌ አባይ በረሃ ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩና ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ተያያዝኩት። መሃል ላይ ጉልበት አጣች። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንኳ እየተንቀጠቀጠች ነበር የምትወጣው። ከጭስ ማውጫው ፑፍ ፑፍ የሚል ድምፅ ይመጣል።

አዲስ አበባ ስደርስ ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የሚዘጋው የሞተር ራስ፣ ተፈታ። የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተበልቷል። የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ጎድሎበታል። ድምፁን ለማጥፋት ሲባል ቫልቩ ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዬን ቫልቭ የማስተካክለው ራሴ ነኝ። ከባድ ሥራ አይደለም። ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ ግን ክፍተቱ ለምን እንዳለ እንረዳ። ቮልስ ሞተር ውስጥ ካሙ (ጉብታ ያለው የሚዞር ዘንግ) ፑሽሮዱን (ረጅሙን መግፊያ ዘንግ) ይገፋል፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን (እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ)፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን። በሮከሩ ጫፍና በቫልቩ ጭራ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ሲሰፋ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ያ ነው ጠክ ጠክ የሚለው። ቫልቩም ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል። ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ሞተሩ ወዲያው አይሞትም።

ክፍተቱ ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ደግሞ በአብዛኛው የሚበርደው መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው። ሙቀቱን ለመቀመጫው ይሰጣል፣ መቀመጫው ለቴስታታው፣ ቴስታታው ለአየሩ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንድ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። በእያንዳንዷ ጊዜ ሳያርፍ ከቀረ እሳቱ በጠርዙ በኩል እየሾለከ ይበላዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዳች ድምፅ የለም። ለዚህ ነው ትንሽ የሚጮህ ቫልቭ እኔን የማያስጨንቀኝ።

የሚያስፈልገው

የዕቃው ዝርዝር አጭር ነው። ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት የክፍተት መለኪያ። 0.05፣ 0.10፣ 0.15 እና 0.20 ሚሊ ሜትር የተጻፈባቸው ቅጠሎች ሊኖሩት ይገባል። 13 ቁልፍ፣ አንዳንድ አሮጌ ሞተር ላይ 14 ስለሆነ ሁለቱንም ያዙ። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ ካቻቢቴ። የካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚፈጥረው ዕቃ) ቁልፍ። ክሪክና ሁለት ጠንካራ መደገፊያ። ጨርቅ፣ ዘይት መቀበያ ሰሃን፣ ደብተርና እርሳስ። ሁለት የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮንም (ዘይት እንዳያፈስ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) አስቀድማችሁ ግዙ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ አታጡትም። ከቡሽ የተሠራ ነው፣ ርካሽ ነው። አሮጌውን መልሶ መግጠም ግን ዘይት በየመንገዱ ማንጠባጠብ ነው።

ፊለር ጌጁን ስትገዙ ቅጠሉን ዓይታችሁ ግዙ። የታጠፈ ወይም የዛገ ቅጠል ክፍተቱን አሳስቶ ይነግራችኋል። እኔ 0.15 ቅጠሉን ከሌሎቹ ፈትቼ ለብቻው አውጥቼዋለሁ። ጠባብ ቦታ ላይ እጅ ይገባል።

ሞተሩ ይብረድ

ይህን ሥራ የሚያበላሸው ከምንም በላይ ችኮላ ነው። 0.15 የሚለው ቁጥር ለቀዘቀዘ ሞተር ነው። ለብ ያለ ሞተር ላይ ከለካችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው። እጄን አስነካሁት፣ አያቃጥልም ብሎ መጀመር አይበቃም። ማታ አቁሟት፣ ጠዋት ሥሩ። ሰው የሆነ ቦታ አድርሱኝ ቢላችሁም መኪናዋን አታስነሱ። እኔ እሑድ ጠዋት ፀሐይ ጣሪያዋን ሳትነካ ነው የምጀምረው።

ቁጥሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው የቮልስ ሞተር፣ 1300ም ሆነ 1500 ወይም 1600፣ ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። አንዳንድ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞተር ላይ 0.10 የሚል ተለጣፊ ታያላችሁ። ባለሙያዎች ቆይተው 0.15 ማድረግ ለቫልቩ እንደሚበጅ አይተዋል፣ እኔም በዚያው ነኝ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የወጡ አንዳንድ የ1200 ሞተሮች ግን የሮከራቸው አያያዝ ስለሚለይ ለመግቢያ 0.20፣ ለመውጫ 0.30 ይፈልጋሉ። የፋን ቤቱ (የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ሽፋን) ላይ ይህ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ካያችሁና ሞተሩ ካልተቀየረ ተለጣፊውን ስሙ። ፑሽሮዱ ተቀይሮ ጥቁር ብረት የሆነ፣ ለእሽቅድምድም የተዘጋጀ ሞተርም በዚህ መመሪያ አይሠራም፤ የእሱ ልክ ሌላ ነው።

መኪናዋን ማንሳት

እዚህ ላይ አደራ። የቮልስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የኋላውን በክሪክ ስታነሱት የእጅ ፍሬኑ ምንም አይዝም። ስለዚህ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በግንድ ቁራጭ አስሩ። ከዚያ የኋላውን አንሱና መደገፊያ አስገቡ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ በጭራሽ አታስገቡ፣ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት መኪናዋን በሁለት እጅ ወዝወዝ አድርጓት። ካልተንቀሳቀሰች ትችላላችሁ።

የኋላ ጎማዎቹን ብትፈቱ ቫልቭ ክዳኑ ፊት ለፊታችሁ ይመጣል። ሳይፈታም ይሠራል፣ ግን ተጋድማችሁ በአንገታችሁ ነው የምትከፍሉት። ማርሹን ፎሌ ላይ (ከማርሽ ውጭ) አድርጉ። ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ኔጋቲቩን ንቀሉ፤ እጃችሁ ቺንጋው (ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ) ላይ እያለ ልጅ ቁልፍ ቢያዞር አትወዱትም።

ቀጥሎ አራቱን ካንዴላዎች አውጡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካንዴላ ሲወጣ ግን ሞተሩን በእጅ ማዞር እንደ ጨዋታ ይቀላል፣ የምትፈልጉት ቦታ ላይም ቀጥ ይላል። ከማውጣታችሁ በፊት ዙሪያውን አቧራ ጥረጉ ወይም ንፉ፣ አሸዋ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ። የየትኛው ሽቦ የየትኛው እንደሆነም ምልክት አድርጉበት።

ክዳኑን መክፈት

የቫልቭ ክዳኑን የያዘው ወፍራም ሽቦ ነው። ካቻቢቴ አስገብታችሁ ሽቦውን ወደ ታች ተጫኑት፣ ጧ ብሎ ይለቃል። ሰሃኑን ከሥር አስቀምጡ፣ ትንሽ ዘይት ይወርዳል። ክዳኑ ከተጣበቀ በጣውላ ነካ ነካ አድርጉት እንጂ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። ጠርዙ ከተጣመመ አዲስ ጓርኒሲዮንም አያድነውም። ሁለቱን ወገን በአንዴ አትክፈቱ። መጀመሪያ ቀኙን።

ቀኝ ማለት ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁ ያለበት ነው። ሲሊንደሮቹ የሚቆጠሩት እንዲህ ነው፦ በቀኝ ከፊት 1ኛ፣ በቀኝ ከኋላ 2ኛ፣ በግራ ከፊት 3ኛ፣ በግራ ከኋላ 4ኛ። "ፊት" ስል የመኪናዋ ፊት ነው፤ ሞተሩ ኋላ ስላለ ሰው ይምታታበታል። በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ አራት ቫልቭ ይታያችኋል። ዳርና ዳር ያሉት የጭስ ማውጫ ናቸው፣ መሃል ያሉት ሁለቱ መግቢያ።

1ኛውን ሲሊንደር ማግኘት

ቫልቩ የሚለካው ሁለቱም ቫልቮች ሙሉ በሙሉ ተዘግተው፣ ፒስቶኑ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ክፈቱ። ከዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ አንዲት ጭረት አለች። ያቺ ጭረት የ1ኛው ሲሊንደር ምልክት ናት። ሞተሩን በቺንጋውና በታችኛው ፑሊ (ቺንጋው የተጠመጠመበት መንኮራኩር) እያዞራችሁ ሮተሩን (ክዳኑ ሥር የሚዞረውን ጠቋሚ) ወደዚያች ጭረት አምጡት። ከዚያ የፑሊውን ምልክት ሞተሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከተገጠመበት መስመር ጋር አገናኙት።

ፑሊው ላይ ከአንድ በላይ ምልክት ካያችሁ አትደናገጡ። አንዳንዱ ለእሳት ማስተካከያ የተሠራ ነው፣ ከትክክለኛው ጥቂት ዲግሪ ይለያል። ለቫልቭ ሥራ ያ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ቫልቮቹ ከዚያ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ይቆያሉ።

አሁን የ1ኛውን ሁለት ሮከሮች በጣት ነቅንቁ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ መወዝወዝ አለባቸው። ፑሊውን ወዲህና ወዲያ ስታደርጉት ሮከሮቹ አብረው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ግን ያላችሁት 3ኛው ላይ ነው። ፑሊውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

ፑሊው ላይ ከምልክቱ ትይዩ ሌላ ምልክት ያስፈልጋችኋል። እኔ በክር ነው የሠራሁት። ክሩን በፑሊው ዙሪያ ጠምጥሜ ቆረጥኩት፣ ለሁለት አጠፍኩት፣ ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሬ ለካሁና የሚያልቅበት ላይ በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁ። ነጥቧ እስካሁን አለች።

ከመንካት በፊት መለካት

አብዛኛው ሰው ቀጥታ የማስተካከያ ብሎኑን የሚቆልፈውን ዳዶ ይፈታል። አትፍቱ። መጀመሪያ ያለውን ለኩና ጻፉት። የትኛው ቅጠል እንደሚገባ ሞክሩ፦ 0.05፣ 0.10፣ 0.15፣ 0.20። ደብተሩ ላይ "1 መውጫ 0.10፣ 1 መግቢያ 0.15" እያላችሁ ከነኪሎ ሜትሩ መዝግቡ። የዚህን ጥቅም ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህች ደብተር ነው።

ማስተካከል

የ1ኛውን የጭስ ማውጫ ሮከር ተመልከቱ። ጫፉ ላይ መሃሉ የተሰነጠቀ የማስተካከያ ብሎን አለ፣ ዳዶው ቆልፎታል። ዳዶውን ግማሽ ዙር ያህል ፍቱ። 0.15 ቅጠሉን በብሎኑና በቫልቩ ጭራ መካከል አስገቡ። ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ፣ ቅጠሉ ስትስቡት ያዝ እስኪያደርግ ድረስ። ከዚያ ካቻቢቴውን ሳታንቀሳቅሱ በሌላ እጃችሁ ዳዶውን ቆልፉ።

አሁን እንደገና ለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ልክ የነበረው ከተቆለፈ በኋላ ጠብቆ ታገኙታላችሁ። ይህ ያልደረሰበት ሰው የለም። ሦስት አራት ጊዜ ብትደጋግሙ አያስከፋም። እጅ ሲለምድ ብሎኑን ፀጉር ታህል አላልቶ መቆለፍን ይማራል።

"ያዝ ማድረግ" የሚባለውን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። እኔ የማመሳስለው እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት መጽሐፍ ውስጥ አስገቡ፣ መጽሐፉ ላይ መዳፋችሁን አሳርፉ፣ ሳትጫኑ። ወረቀቱን ስቡት። ይወጣል፣ ግን እጃችሁ እንዳለበት ይሰማችኋል። ቅጠሉም እንደዚያ ነው። ገፍታችሁ ስታስገቡት ከታጠፈ ጠብቋል። ያለ ምንም ስሜት ከተንሸራተተ ላልቷል። ማረጋገጫው ደግሞ 0.20 ቅጠል ነው፤ 0.15 ገብቶ 0.20 እምቢ ካለ ልክ ናችሁ። ከተጠራጠራችሁ በጥቂቱ ወደ መላላት አድሉ።

ብሎኑን ካወጣችሁት ጫፉንም እዩት። ዘመን የበላው ብሎን ጫፉ ላይ ጎድጓዳ ነገር ይኖረዋል። ቅጠሉ ጎድጓዳውን ድልድይ ሆኖ ስለሚያልፈው 0.15 ያላችሁት በእውነት ከዚያ ይሰፋል። ቫልቩ በደንብ ተስተካክሎም ጠክ ጠክ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ብሎኑን መቀየር እንጂ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም።

የ1ኛውን መግቢያም በዚሁ መንገድ ሥሩ።

ወደ ቀጣዮቹ

እሳት የሚነሳበት ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው። ሞተሩን ወደ ኋላ ካዞራችሁት ግን 1-2-3-4 ይሆናል። በጣም የሚመች ነገር ነው፤ አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። መኪናዋ ኋላ ቆማችሁ ፑሊውን እያያችሁ፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩት፣ ቀይዋ ነጥብ መስመሩ ላይ እስክትመጣ። አሁን 2ኛው ላይ ናችሁ። ለኩ፣ ጻፉ፣ አስተካክሉ። ቀኙን ዝጉ፣ ግራውን ክፈቱ። ሌላ ግማሽ ዙር፣ 3ኛው። ሌላ ግማሽ ዙር፣ 4ኛው። በየጊዜው ሁለቱን ሮከሮች ነቅንቃችሁ ነፃ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ ቁልፍ አታንሱ።

3ኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ፋን ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው በ3ኛው አቅጣጫ ነው። ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደው አየር መጀመሪያ በትኩስ ዘይት ተሞቆ ነው የሚደርሰው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ ያወጣው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ስስ ነው፣ ማቀዝቀዝ ላይ እንደ ቆላው አየር አይበረታም። እንጦጦን ወይም የአባይን ዳገት ጨምሩበት። የእኔ ቫልቭ የተቃጠለው 3ኛው ላይ መሆኑ እንዲያው ዕድል አይደለም።

መዝጋት

ክዳኑን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ አሮጌውን ቡሽ አንድም ሳይቀር ፋቁ። አዲሱን ጓርኒሲዮን በትንሽ ማጣበቂያ ክዳኑ ላይ ብቻ አጣብቁት። በቴስታታው በኩል ምንም አትቀቡ፣ ሌላ ጊዜ ስትከፍቱ በሰላም እንዲለቅ። ክዳኑን አስተካክላችሁ ያዙና ሽቦውን ወደ ላይ መልሱት።

ካንዴላዎቹን ስትመልሱ መጀመሪያ በጣት ብቻ አዙሩ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው። ጥርሱ ከተበላ የአንድ ጠዋት ሥራ የሳምንት ይሆናል። ቀጥ ብሎ እስኪቀመጥ በጣት፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን፣ ሽቦዎቹን፣ ባትሪውን መልሱ። ጎማዎቹን ግጠሙ፣ አውርዷት። ዘይቱንም ለኩ፤ ጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ የወረደችው ጥቂትም ትቆጠራለች።

አስነሷት። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጧት) ተዋትና ከኋላ ቁሙ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚል ቀለል ያለ እኩል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ጤና ነው። አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ የሚጮህ ካለ፣ ሲበርድ ተመልሳችሁ እዩት። አምስት ደቂቃ ካስነዳችኋት በኋላ ከሥር ጎንበስ ብላችሁ ክዳኖቹ እንዳያፈስሱ ተመልከቱ፤ ከሥራቸው ያለው የማሞቂያ ቧንቧ ላይ የሚወርድ ዘይት መኪናው ውስጥ ይሸታችኋል።

ደብተሩን ማንበብ

እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትር አየዋለሁ። ቴስታታ ተፈትቶ የተገጠመ ከሆነ በ500 ኪሎ ሜትር አንዴ መልሳችሁ እዩት። ክፍተቱ በጥቂቱ እየሰፋ ከሄደ የተለመደ መበላት ነው፣ አስተካክላችሁ መንዳት ነው።

ተጠንቀቁ የምለው ለሌላው ነው። አንድ የጭስ ማውጫ ቫልቭ 0.15 አድርጋችሁት በሚቀጥለው 0.10 ሆኖ ከጠበቃችሁ፣ አስተካክላችሁት ደግሞ 0.05 ከሆነ፣ ያ ቫልቭ ወይ እየተለጠጠ ነው ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ነው። የተለጠጠ ቫልቭ አንድ ቀን ራሱ ይቆረጥና ፒስቶኑ ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚጠፋው ቫልቭ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ነው። ይህን በጆሮ ማወቅ አይቻልም። ሦስት መስመር ቁጥር ግን ይናገራል። ባለፈው ዓመት የአንድ ጎረቤቴን መኪና ደብተር አብረን ስናየው 3ኛው መውጫ ሁለቴ ተከታትሎ ጠብቋል። ወደ ጅማ ሊነዳ ነበር። ጉዞውን በአውቶቡስ አድርጎ ቴስታታውን አስፈታው። የወጣው ቫልቭ አንገቱ ከሌሎቹ ቀጥኖ በዓይን ይታይ ነበር። አሁን ጓዳዬ መስኮት ላይ አለ፣ ቫልቭ ልማር ብሎ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።